«ሰው» ማን እንደሆነ ለሮቦት የሚነግረው ማን ነው?

በአሽዶድ ባሕር ዳርቻ በበጋ ወራት ማጺሉ፣ ማለትም የባሕር ነፍስ አድኑ፣ ከማማው ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ጭንቅላት ነው። ውሃው ላይ ብቅ ጥልቅ የሚለው ነጥብ ዋናተኛ ይሁን ተንሳፋፊ ዕቃ፣ የሚጫወት ልጅ ይሁን የሚሰምጥ፣ በሰከንዶች ውስጥ መለየት አለበት። ወደ ጥልቁ የሚጎትተው የውሃ ፍሰት ጎበዝ ዋናተኛንም ያታልላልና። በቅርብ ዓመታት ይህን ሥራ የሚያግዙ፣ ባሕሩን በካሜራ እየተከታተሉ አደጋ ሲያዩ ማጺሉን የሚያስጠነቅቁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቶች በእስራኤል ተሠርተዋል።

ሰውን ከአደጋ የሚጠብቅ ማሽን ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በዚህ ረገድ ከሁሉ የታወቀው ደራሲ አይዛክ አሲሞቭ ነው። አሲሞቭ በሩሲያ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በሦስት ዓመቱ ወደ ኒው ዮርክ የተወሰደ ስደተኛ ነበር። «ሦስቱ የሮቦት ሕጎች» የሚባሉትን የዘረዘረው እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው «ራንአራውንድ» በተሰኘ አጭር ልብ ወለድ ነው። ሕጎቹ ባጭሩ እንዲህ ናቸው፦ ሮቦት ሰውን አይጎዳም፣ ሰው ሲጎዳም ቆሞ አያይም፤ ከዚህ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ሰው የሚያዘውን ይፈጽማል፤ ከሁለቱ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ደግሞ ራሱን ይጠብቃል። «ቆሞ አያይም» የሚለው ክፍል በተለይ ለባሕር ዳርቻ የታሰበ ይመስላል።

ብዙ ሰው እነዚህን ሕጎች የሮቦትን ችግር የሚፈቱ አድርጎ ይጠቅሳቸዋል። ታሪኮቹን ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል፤ አሲሞቭ ሕጎቹን ካወጣ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የጻፈው እንዴት እንደሚከሽፉ ነው። በዚያው በ«ራንአራውንድ» ስፒዲ የተባለው ሮቦት በሜርኩሪ ፕላኔት ላይ፣ የተሰጠው ትእዛዝና ራሱን የመጠበቅ ሕጉ እኩል ስለሳቡት፣ እንደ ሰከረ ሰው እየቀባጠረ በአንድ ቦታ ዙሪያ ሲሽከረከር ይገኛል።

ከዚህ የባሰው ክፍተት ያለው ግን «ሰው» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ሮቦቱ ሰውን እንዳይጎዳ ከታዘዘ፣ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። አሲሞቭ በ1974 በጻፈው አንድ ታሪክ ሁለት ሮቦቶች በጉዳዩ ሲወያዩ ቆይተው፣ ከሁሉ በላይ ሰው ሊባሉ የሚገባቸው እነሱ ራሳቸው ናቸው ከሚል መደምደሚያ ይደርሳሉ። በ1985 የታተመው «ሮቦትስ ኤንድ ኢምፓየር» ደግሞ ከስደተኛ ሕይወት ጋር የበለጠ ይቀራረባል። ሶላሪያ በምትባል ፕላኔት የነበሩ ሮቦቶች ሰው አድርገው እንዲቆጥሩ የታዘዙት በሶላሪያ ሰዎች ቅላጼ የሚናገረውን ብቻ ነው። በሌላ ቅላጼ የሚናገር መጤ ሲመጣ ያጠቁታል። ሮቦቶቹ ሕጉን አልጣሱም፤ የመጣው እንግዳ በእነሱ መዝገብ ሰው አይደለም። ወደ አንድ ቢሮ ገብቶ፣ ገና አፉን ከመክፈቱ ከየት እንደመጣ የታወቀበት አዋቂ ይህን ክፍል ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጥያቄው «ሮቦት» ከሚለው ቃል ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው ተውኔት ሲሆን፣ ቃሉን የጠቆመው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ገባር ለጌታው የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው፤ በአገር ቤት ሁዳድ ማረስ እንደሚባለው ማለት ነው። በተውኔቱ ሮቦቶቹ በመጨረሻ አምፀው የሰውን ዘር ይፈጃሉ፤ አልክዊስት የሚባለውን አንድ ሰው ግን ይተዉታል። ምክንያታቸው እሱም እንደ እነሱ በእጁ የሚሠራ መሆኑ ነው። እዚህም ማን ከማን ወገን እንደሆነ የሚወስነው ማሽኑ ነው።

ከቻፔክ ብዙ ዘመን በፊት የባቢሎን ታልሙድ ተመሳሳይ ነገር ያወራል። ራቫ የተባለው ሊቅ አንድ ሰው ሠርቶ ወደ ረቢ ዜራ ይልከዋል፤ ዜራ ቢያናግረው መልስ አጣ፤ ስለዚህ ወደ አፈርህ ተመለስ ብሎ አሰናበተው። ኋላ «ጎሌም» የሚባሉት የሸክላ ሰዎች ታሪክ የተስፋፋው ከዚህ ዓይነቱ ትውፊት ነው። ከአሽዶድ ብዙም በማይርቀው በረሆቮት፣ የዋይዝማን ተቋም አዲስ ኮምፒውተር በ1965 ሲመረቅ «ጎሌም አሌፍ» የሚለውን ስም ያገኘው በካባላ ተመራማሪው በጌርሾም ሾለም ሐሳብ ነበር።

ልብ ወለዱ እውን ሆኖ ሲመጣ ደግሞ በፊት መለያ ካሜራ መጣ። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ የሦስት ኩባንያዎችን ፊት የሚመረምሩ ሥርዓቶች ፈትሸው ነበር። ሥርዓቶቹ በፎቶው ላይ ያለው ሰው ወንድ ወይስ ሴት መሆኑን ሲለዩ፣ በነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ አላለፈም። በጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ማንም ሆን ብሎ ያዘዘው አልነበረም። ዋናው ምክንያት ማሽኖቹ የሚማሩባቸውና የሚፈተኑባቸው ፎቶዎች በአብዛኛው የነጣ ቆዳ ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። ትምኒት አዲስ አበባ ከኤርትራውያን ቤተሰብ ተወልዳ ያደገች፣ በጦርነቱ ምክንያት በልጅነቷ የተሰደደች ተመራማሪ ናት። በ2020 መጨረሻ በቋንቋ ሞዴሎች አደጋ ላይ በተጻፈ ጥናት በተነሣ ውዝግብ ከጉግል ወጣች፤ በዓመቱ የራሷን የምርምር ተቋም መሠረተች።

አዲስ አበባ በሮቦት ታሪክ ውስጥ ሌላም ስፍራ አላት። በ2013 የተቋቋመው አይኮግ ላብስ የተባለው ድርጅት፣ ሶፊያ ለተባለችው ሮቦት ከተሠራው ሶፍትዌር ከፊሉን የሠሩ ባለሙያዎች ነበሩት። ሶፊያ በ2018 አዲስ አበባን ጎብኝታ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኝታለች። ከዚያ ቀደም ሲል በ2017 ሳዑዲ አረቢያ ዜግነት ሰጥታት ነበር። ለማስታወቂያ ያህል የተደረገ ነው ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ወደ እስራኤል ለመግባት በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ወረፋ የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለው ሰው ዜናውን እንደ ቀልድ ብቻ ሊያየው አይችልም።

እንግዲህ ባሕሩን የሚያይ ካሜራ በአንድ ዳርቻ ሲተከል የመጀመሪያው ጥያቄ ማሽኑ ያምፃል ወይ የሚለው አይደለም። ሥርዓቱ በየትኞቹ ዋናተኞች ምስል ተማረ? ረጅም ልብስ ለብሳ የምትገባ ሴትን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለውን ልጅ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሚያብረቀርቅ ውሃ ላይ ይለያቸዋል? ይህስ በማን ተፈተሸ፣ ውጤቱስ ለሕዝብ ይገለጻል? እነዚህን ለማዘጋጃ ቤት ማቅረብ የማንኛውም ነዋሪ መብት ነው። ካሜራው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል እንጂ አይዋኝም፤ ማማው ላይ ማጺል በሌለበት ሰዓት ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ወደ ውሃው የሚገባ የለም።