የቀይ ባሕሩ ዳንሰኛና ሁለቱ ጀርመኖች

በሰኔ 1817 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1825) ጀርመናዊው ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ዊልሄልም ሄምፕሪሽ በ29 ዓመቱ ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። የጉዞ ጓደኛው ክርስቲያን ኤረንበርግ ጣውሉድ ደሴት ላይ ቀብሮት የሰበሰቡትን ይዞ ወደ በርሊን ተመለሰ። እነሆ ሁለት መቶ ዓመት አለፈው።

የሰቆጣ ሰው ቀይ ባሕርን ባያየውም ጨውን ያውቀዋል። ሰቆጣ ለዘመናት የአሞሌ ገበያ ነበረች፤ ከአፋር በረሃ የሚወጣው ጨው ደግሞ ቀይ ባሕር ድሮ ወደ ደናክል ገብቶ ሲደርቅ የተወው ነው። ሁለቱ ጀርመኖች የፈለጉት ግን በባሕሩ ውስጥ ያለውን ሕይወት ነበር።

ካገኟቸው አንዱ ቅርፊት የሌለው የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ሲነኩት የተጠቀለለ ጠርዙን ዘርግቶ እየተወዛወዘ ይዋኛል፤ ጠላቂዎች «የስፔን ዳንሰኛ» የሚሉትም ለዚህ ነው። ስፖንጅ ይበላል፣ የስፖንጁንም መርዝ ለራሱ መከላከያ ያደርገዋል። ዘመዶቹ ስንጥባቸውን በአንድ የጋራ ጉድጓድ ሲሰበስቡ የእርሱ ስንጥቦች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከጀርባው ይወጣሉ። ኤረንበርግ ራሱን የቻለ ጂነስ አድርጎ ሄክሳብራንከስ አለው።

በስሙ ላይ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔልም በዚያው ባሕር ዳርቻ ሰንብቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1830 ሎይካርት ከተባለ ተመራማሪ ጋር ሆኖ እንስሳውን «ዶሪስ ሳንጉዊኒያ» ብሎ አሳተመ። የኤረንበርግ ሥዕል የወጣው በ1828፣ ጽሑፉ ግን በ1831 ነው። የሳይንሳዊ ስም አሰጣጥ ደንብ ቀድሞ ለታተመው ስም ያደላል። ሥዕሉ ከተቆጠረ ኤረንበርግ፣ ጽሑፉ ብቻ ከተቆጠረ ሩፔል ይቀድማል። ዛሬ ስሙ ተከፍሏል፤ ጂነሱ የኤረንበርግ፣ ዝርያው የሩፔል ነው። ፍርዱ አያስከፋም፤ ሩፔል እንስሳውን አይቶ ከነባሩ የዶሪስ ወገን ጋር ሲደምረው፣ ለይቶ ያወጣው ኤረንበርግ ነውና። ደግሞስ ሩፔል ምን ጎደለበት? ጭላዳንና ዋልያን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀለሙ በተለያየ ቁጥር አዲስ ስም ይወጣለት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1891 ቤርግ የተባለ ተመራማሪ ለብቻው ቤተሰብ ሰጠው፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ አብዛኛው ስም ወደ አንድ ዝርያ ተጠቃለለ። በ2023 የወጣ የዘረመል ጥናት ያንን አፍርሶ ዝርያው አንድ ብቻ አይደለም አለ።

ሰሞኑን ስለ ባሕር በር ሲወራ ግን ከዚህ የባሕር ሕይወት ይልቅ ነገሩ ሁሉ ወደብና መርከብ ነው። ለሰቆጣና ለአካባቢዋ ለዋግ ወጣቶች የሚቀርባቸው ውኃ ደግሞ ተከዜ ነው፤ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ላይ ዓሣ ያሰግራሉ። ሩፔልም እ.ኤ.አ. በ1832 ወደ ስሜን የወጣው ይህንኑ ወንዝ ተሻግሮ ነበር።