በእናት በኩል የሚቆጠር ታሪክ

ኮንጋ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቡና ነው። ከይርጋጨፌ ከተማ ወጣ ብላ ያለችው የጌዴኦ መንደር ስሟ በአሜሪካና በአውሮፓ የቡና ከረጢት ላይ ታትሞ ይሸጣል። ቡናው በስንት ሜትር ከፍታ እንደበቀለ፣ ታጥቦ ይሁን በፀሐይ ደርቆ፣ ሁሉም ይጻፍለታል። በ2023 ደግሞ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር ከነእንሰቱ፣ ከነቡናውና ከነትክል ድንጋዩ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ አደራ እንዳትደናገሩ።)

ቡናው ተመዘገበ፣ ድንጋዩም ተቆጠረ። ተገርዞ ደሙ አልቆም ያለው ሕፃንስ? ጥርሱን ተነቅሎ ሦስት ቀን የደማው ልጅ፣ ሳይመታ ጉልበቱ እያበጠ ከትምህርት ቤት የቀረው ልጅ፣ የእነሱ ነገር የት ተጽፏል?

እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በ2007 (በእኛ 1999 ዓ.ም.) የተደረገው ቆጠራ በጌዴኦ ዞን 847,434 ሰው አገኘ። ግማሹ ወንድ ነው እንበል፤ ወደ 424 ሺህ። ሄሞፊሊያ ኤ የሚባለው የደም አለመርጋት ችግር ዘርና አገር ሳይመርጥ ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። አካፍሉት። 85 ይመጣል። ሁሉም በሕይወት አሉ ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ጥያቄያችን እሱ ነው፤ ያልኖሩት ምን ተብለው ተቀበሩ?

መቼም ሆስፒታል ሩቅ ነው፣ መድኃኒት ውድ ነው ማለት ይቻላል። እውነት ነው፤ እንመለስበታለን። እኛ ግን ሌላም ምክንያት አለ እንላለን። ይህ በሽታ የሚጓዘው በእናት በኩል ነው። እኛ ደግሞ ታሪክ የምንቆጥረው በአባት በኩል ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ሰው ሲቆስል በደሙ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ተራ በተራ እየተቀሰቀሱ ደሙን ያረጉታል። ሐኪሞች ፋክተር እያሉ በቁጥር ይጠሯቸዋል። ስምንተኛው ሲጎድል ሄሞፊሊያ ኤ፣ ዘጠነኛው ሲጎድል ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። ብዙ ሰው ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ በመርፌ ተወግቶ ደሙ አልቆ የሚሞት ይመስለዋል። እንደሱ አይደለም። ከሌላው ሰው ፈጥኖ አይደማም፤ ለረጅም ጊዜ ይደማል እንጂ። ትልቁ ጉዳትም ብዙ ጊዜ ከውጭ አይታይም። ደሙ ጉልበት፣ ክርንና ቁርጭምጭሚት ውስጥ ይፈሳል፤ መገጣጠሚያው እየተበላ ይሄድና ልጁ ሳያድግ ያነክሳል። ጭንቅላት ውስጥ ከፈሰሰ ደግሞ ይገድላል።

የስምንተኛውና የዘጠነኛው ፋክተር መመሪያ የተጻፈው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንላታል። ወንድ ግን ያለው አንድ ነው፤ እሱንም ያገኘው ከእናቱ ነው። ስለዚህ ችግሩን የተሸከመች እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ በሽታውን የማግኘት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የታመመ አባት ደግሞ ለወንድ ልጁ አያወርሰውም፤ ሴት ልጆቹ ሁሉ ግን ይሸከሙታል። በሽታው አንድ ትውልድ ተደብቆ በልጅ ልጅ ላይ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን የራሳችንን ስም እንመልከት። የእኛ፣ የአባታችን፣ የአያታችን። እናት የለችበትም። በጌዴኦም ሕዝቡ በሰባት ጎሳዎች ይቆጠራል፤ ልጅ የአባቱን ጎሳ ይይዛል። እንግዲህ ሁለት እህትማማቾች ለተለያየ ጎሳ ተድረው ሁለቱም ወንድ ልጅ ቢቀበርባቸው፣ ሞቱ በሁለት ቤት ይቆጠራል። አንዱ ቤት ምች ነው ይላል፣ ሌላው እርግማን። ሁለቱን የሚያገናኘው ክር በእናቶቹ ደም ውስጥ አለ፤ በማንም የዘር ቆጠራ ላይ ግን የለም።

እህትማማቾቹን የጠየቁ ሰዎች

የዚህ በሽታ ታሪክ ደስ የሚለው ነገሩ፣ እያንዳንዱ እርምጃ የተራመደው አንድ ሰው ሴቶቹን በጠየቀበት ቦታ መሆኑ ነው።

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የአይሁድ ሊቃውንት የተነጋገሩበት ጉዳይ በታልሙድ ተመዝግቧል። በገሊላ ሴፎሪስ በተባለች ከተማ አራት እህትማማቾች ነበሩ። የመጀመሪያዋ ልጇን አስገረዘች፣ ሞተ። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንዲሁ። አራተኛዋ ሊቁን ረባን ስምዖን ቤን ገማልያልን ጠየቀች፤ አትግረዥው አላት። ልብ በሉ፤ ግርዛት የቃል ኪዳን ምልክት በሆነበት ሃይማኖት ውስጥ ነው ይህ የተባለው። ማይክሮስኮፕ አልነበረም፣ ስለ ክሮሞዞም የሚያውቅ አልነበረም። የእህትማማቾቹን ሐዘን በአንድ ላይ መቁጠር ግን በቃ።

ከዚያ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ በአንዳሉስ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሊቅ አል ዘህራዊ፣ ወንዶቿ ከቆሰሉ ደማቸው እስኪያልቅ የሚፈስባት አንዲት መንደር እንዳለች ጻፈ። በ1803 የፊላደልፊያው ሐኪም ጆን ኦቶ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ስለሚኖር ቤተሰብ አሳተመ። ነገሩን ሰባ ዓመት ገደማ ወደኋላ ሄዶ አንዲት ሴት ላይ አደረሰው፤ የሚደሙት ወንዶቹ ብቻ ናቸው፣ የሚያስተላልፉት ግን ሴቶቹ ናቸው ብሎ በግልጽ አስቀመጠ።

ይሁን እንጂ ዓለም ሄሞፊሊያን ያወቀው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዑል ሊዮፖልድ በ1884 ወድቆ ሞተ። ሴቶች ልጆቿ ችግሩን ይዘው ወደ ሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ቤት ገቡ። የሩሲያው አልጋ ወራሽ አሌክሲ በ1904 ሲወለድ የቪክቶሪያን ውርስ ይዞ ተወለደ። እናቱ መፍትሔ ፍለጋ ራስፑቲንን እስከ መጠጋት ደረሰች፤ የቀረውን የሩሲያ ታሪክ ታውቁታላችሁ። በ2009 ከአፅማቸው በተወሰደ ናሙና የበሽታው ዓይነት ሄሞፊሊያ ቢ መሆኑ ታወቀ። እናም «የነገሥታት በሽታ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ያሳስታል። ነገሥታቱ በሽታውን ለብቻቸው አልያዙትም፤ በእናትም በአባትም በኩል የዘር መዝገብ የተያዘላቸው ስለሆኑ ታዩ እንጂ።

ለኮንጋ የሚቀርበው ታሪክ ከቤተ መንግሥት ይልቅ ከባልቲክ ባሕር የመጣው ነው። በ1924 ከኦላንድ ደሴቶች አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ወደ ሄልሲንኪ ተወሰደች። ስሟ ዮርዲስ ይባላል። ከንፈሯ ተቆርጦ ሕይወቷን እስከማሳጣት ያደረሰ ደም ፈሷት ነበር፤ እህቶቿም ከእሷ በፊት በደም መፍሰስ ሞተዋል። ዶክተር ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ ልጅቷን አይቶ ብቻ አልተወም። ወደ ቤተሰቡ ዞሮ አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ከ66 የቤተሰብ አባላት 23ቱ የደም መፍሰስ ችግር እንዳለባቸው አገኘ። በ1926 አሳተመው። ይህኛው ከሄሞፊሊያ የተለየ ነው፤ ሴቶችንም ወንዶችንም እኩል ይይዛል። ዛሬ በዘር ከሚተላለፉት የደም አለመርጋት ችግሮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው እሱ መሆኑ ታውቋል። ዮርዲስ ግን አልዳነችም። በ13 ዓመቷ፣ በአራተኛው የወር አበባዋ፣ ደም ፈሷት ሞተች።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በእኛ አገር የወር አበባ በግልጽ የማይወራ ነገር ነው። አሥር ቀን የሚፈሳት፣ በየወሩ ደም ማነስ የሚጥላት ልጅ «የሴት ነገር ነው» ተብላ ትታለፋለች። እናቷም እንዲሁ ነበረች፣ አያቷም። የቤተሰቡ ሴቶች ሁሉ እንደዚያ ከሆኑ ደግሞ ለእነሱ ጤና ማለት ያ ነው። ማንም ካልጠየቀ በሽታ መሆኑ በምን ይታወቃል?

መድኃኒቱ መጣ፣ ግን ለማን?

በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊቷ ጁዲት ፑል የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ ስምንተኛውን ፋክተር በብዛት እንደያዘ አገኘች። ማንኛውም ደህና የደም ባንክ ሊያዘጋጀው የሚችል መድኃኒት ሆነ። ቀጥሎ ከሺዎች ሰዎች ፕላዝማ ተጨምቆ በፋብሪካ የሚሠራ ዱቄት መጣ፤ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ቤት ውስጥ የሚወጋ። ልጆች ትምህርት ቤት ዋሉ፣ ሥራ ያዙ፣ አገቡ። ነገር ግን የሺዎች ደም በአንድ ጠርሙስ ማለት የአንዱ በሽታ ለሁሉም ማለት ነበር። በ1980ዎቹ ኤችአይቪ በዚሁ መድኃኒት ገባ፤ በአሜሪካ ሄሞፊሊያ ካለባቸው ግማሽ ያህሉ ተያዙ። ሄሞፊሊያ ቢ በ1952 ሲለይ በስሙ የተሰየመለት እስጢፋን ክሪስማስ ራሱ በ1993 በኤድስ ሞተ። ዱቄቱ ባልደረሰባቸው አገሮች ደግሞ ልጆች በቀድሞው መንገድ፣ በደም መፍሰስ፣ መሞታቸውን ቀጠሉ።

ዛሬ ከሰው ደም ያልተወሰደ ፋክተር አለ። ከ2017 ወዲህ ከቆዳ ሥር በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ገደማ የሚወጋ መድኃኒት አለ። በ2022 ለሄሞፊሊያ ቢ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ የጂን ሕክምና በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ዋጋው 3.5 ሚሊዮን ዶላር። አልተሳሳታችሁም፣ ሚሊዮን ነው።

በእኛ አገር የደም ባንክ አገልግሎት በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሥር በ1969 ተጀመረ፤ በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። በቀይ መስቀሉ ዘመን ዘመድ ለታመመበት ሰው ምትክ ደም ሰጪ ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር መዞር የተለመደ ነበር። የሄሞፊሊያ ሕክምና ደግሞ ለረጅም ጊዜ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ፋክተሩም በአብዛኛው የሚመጣው በዓለም የሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በኩል በእርዳታ ነው። እርዳታው ብዙ ልጅ አቁሟል፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን እርዳታ የሚደርሰው ስሙ ለተመዘገበ ሰው ነው። ያልተመረመረ ልጅ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ኮንጋ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በዚያ መንገድ ቡናው በየሳምንቱ ይመጣል፤ ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ግን መጀመሪያ የሚወሰደው ወጌሻ ቤት ነው። ወጌሻው ያሻል፤ ማሸት ደግሞ ለሚደማ መገጣጠሚያ ትልቅ ጉዳት ነው። ወጌሻውን ልንከስ አይደለም፤ የነገረው የለም።

ምን ይደረግ?

ሦስት ሚሊዮን ዶላር የለንም። ጥያቄ ግን አለን፤ ጥያቄ በነጻ ነው። በኢትዮጵያ ከአሥር ወንዶች ዘጠኙ ያህል ተገርዘዋል። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀልም ገና አልጠፋም። ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠየቅ፦ በእናቱ በኩል ደም አልቆም ብሎት የሞተ ወይም የተሰቃየ ሰው ነበር? የእናቱ ወንድም፣ የአክስቱ ልጅ፣ የአያቱ ወንድም? መልሱ አዎ ከሆነ ምላጩ ይቆየት፤ መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዶ ደሙ የሚረጋበት ጊዜ ይለካ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የጤና ተማሪዎች ቤት ለቤት ሲወጡ ይህችን አንዲት ጥያቄ ቢጨምሯት ፎን ቪለብራንድ የሠራውን ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

ለሚያውቁ ቤተሰቦች ደግሞ፦ አስፕሪን አይሰጥ፤ ጡንቻ ላይ ከሚወጋ መርፌ በፊት ለነርሷ ይነገር፤ ያበጠ መገጣጠሚያ አይታሽ፣ ይረፍ፣ በረዶ ከተገኘ ይደረግበት፣ ወደ ሐኪምም ይወሰድ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደህና መስሎ ቢታይም አይጠበቅ።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። በእናት በኩል ይቆጠር ስንል በእናት ይፈረድ ማለታችን አይደለም። ከሦስት ታማሚዎች አንዱ ገደማ በቤተሰቡ ታሪክ የሌለው፣ አዲስ የተፈጠረ ለውጥ ነው። የቀሩትም እናቶች ቢሆኑ ሳያውቁ ከእናታቸው ወይም ከአባታቸው የተቀበሉትን ነው ያስተላለፉት። «አንቺ ነሽ ያመጣሽብን» የምትባል ሴት ሁለተኛ ለማንም አትናገርም፤ እሷ ዝም ስትል ደግሞ የእህቷ ልጅ ይሞታል።

የዓለም የሄሞፊሊያ ቀን ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ ኤፕሪል 17 ይከበራል፤ በእኛ ሚያዝያ 9 ላይ ይውላል። ፋሲካም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ነው፤ አብዛኛው የከተማ ልጅ ቤተሰቡ ጋ የሚሄድበት ጊዜ። ቡናው ሲፈላ አያቶቻችሁን ስለ እናቶቻቸውና ስለ እህቶቻቸው ልጆች ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።