ነፋስን የሰፈረው ማን ነው?

ደቡብ ወሎ፣ ቦረና፣ መካነ ሰላም ከተማ ዳር ቆሞ ጭስን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ማለዳ የኩበቱና የማገዶው ጭስ ሽቅብ አይወጣም፤ በየጣራው ላይ ተጋድሞ ያረፍዳል። ፀሐይ ስትበረታ ነፋስ ይነሳና ይበትነዋል። "የት ሄደ? ምን ያህሉስ ቀረ?" ብለው በቁጥር መጠየቅ የጀመሩት ግን ሐኪሞች እንዳይመስሏችሁ። ወታደሮች ናቸው።

ነገሩ የመርዝ ጋዝ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነፋስ እየዞረ ጋዙን በለቀቀው ላይ ሲመልስበት ታየ። እንግሊዞች ፖርተን በተባለው መሞከሪያቸው እ.ኤ.አ. በ1921 የአየር ጠባይ አዋቂዎችን ሰብስበው የጋዝ ደመና ሜዳ ላይ እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ ይለኩ ጀመር። ዛሬ የፋብሪካ ጭስ የሚሰላበት ቀመር አያቱ ይኸው ነው። የዚህን ሒሳብ ሌላ ጫፍ ያየው ደግሞ የእኛ ሕዝብ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በቦምብ ተደበደበች። በዚያው ዓመት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በአሸንጌ ሐይቅና በቆረም ዙሪያ የሰናፍጭ ጋዝ ረጩ፤ የቀይ መስቀሉ ሐኪም ማርሴል ዡኖ ቆረም ላይ የተቃጠለውን ገላ በዓይኑ አየ። መለኪያው የሰው ቆዳ ነበር። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር እስኪያምን እ.ኤ.አ. 1996 ደረሰ፤ ስድሳ ዓመት!

አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1956 ነብራስካ ሣራማ ሜዳ ላይ፣ በአየር ኃይላቸው የምርምር ክፍል በኩል፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ 70 ያህል ጊዜ እየለቀቁ ከ50 እስከ 800 ሜትር ርቀት ድረስ ሰፈሩት። ሃያ ዓመት ቆይተው ለጦር አየር ማረፊያዎቻቸው የኮምፒዩተር ሞዴል ሠሩ። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ፣ ነዳጅ ሲቀዳ፣ መኪናው ሲመላለስ የሚወጣውን ሁሉ ደምሮ ብክለቱን ይተነብያል። ከዚያ አሪዞና በሚገኘው የዊሊያምስ ጦር ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1977 መለኪያ ተክለው ትንበያውን ከእውነቱ ጋር አስተያዩት። እኔን የሚያስቀናኝ ይህ ነው። ቀማሪው "ትክክል ነኝ" ብሎ አልተቀመጠም፤ ወጥቶ ለካ።

ነብራስካም አሪዞናም የተለካበት ግን ለጥ ያለ ሜዳ ነው። መካነ ሰላም (እሷም ባቅሟ አውሮፕላን ማረፊያ ነበራት) ከ2,500 ሜትር በላይ፣ የዓባይ ገደል አፋፍ አካባቢ ናት። የሜዳ ቀመር እዚህ ምን ያህል ይስታል? አዲስ አበባ እንኳ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያሰራጭ የነበረውን የአየር ልኬት እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አቁሟል። ለቦረና ደጋ የሚነገረው ቁጥር ከሳተላይትና ከሞዴል የተሰላ ነው። እሱን ከማለዳው የኩበት ጭስ ጋር ለማስተያየት አንዲት ትንሽ መለኪያ፣ የማይቋረጥ መብራትና ቁጥሩን በየማለዳው የሚመዘግብ አንድ አስተማሪ ይበቃል።