ቀሚሱ ስንት ዓመቱ ነው?

በ2017 ዓ.ም ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ኡራኤል አካባቢ ጎረቤቴ የነበሩ እናት ዕቃቸውን ሲሸክፉ ላግዛቸው ሄድኩ። ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ሳቡ። በአንሶላ የተጠቀለለ የሐበሻ ቀሚስ ወጣ።

«የአያቴ ነው፤ ከጣሊያን በፊት የተሠራ» አሉኝ።

«እማማ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት?»

«እሱን በምን አውቄው ልጄ! ብቻ ከጣሊያን በፊት ነው።»

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ነው። እማማ ልክ ከሆኑ ቀሚሱ ሰፈሩን በዕድሜ ይበልጠዋል ማለት ነው።

ሸማኔ ስሙን አይጽፍ፣ ልብስ ሰፊ ቀን አያኖር። አንዳንዴ ታሪክ ይመሰክራል። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ አለ፤ በኅብረ ቀለም ሐር የተጠለፈ የጥጥ ሸማ ነው። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ የዘረፈው ሚያዝያ 1860 ዓ.ም ስለሆነ፣ ቀሚሱ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሊሆን አይችልም። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤትና የልዑል ዓለማየሁ እናት የነበሩት እቴጌዋ ከመቅደላ ከወረዱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ መንገድ ላይ አረፉ፤ ቀሚሳቸው ግን ባሕር ተሻገረ። የዕድሜው ምስክር ዘረፋው መሆኑ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለውን ቀሚስ የሚመሰክርለት ክሩ ነው። ብዙ ሰው ዓይኑ የሚሄደው ወደ ጥበቡ ንድፍ ነው፤ እሱ ያሳስታል። ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ የጥንቱን ዓይነት መስቀል ዛሬ ያሠሩላችኋል። ይልቅ ሸማውን ወደ መስኮት ይዛችሁ ተመልከቱ። በእንዝርት የተፈተለ ክር አንድ ቦታ ወፈር፣ ሌላ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ፣ በ1950ዎቹ የባሕር ዳሩ ተከፈቱ። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ የሆነ ሸማም በየቤቱ አለ።

ጥበቡ ላይ ያለው ባለቀለም ክር ደግሞ የራሱ ዘመን አለው። አክሪሊክ በዓለም ገበያ የታየው በ1940ዎቹ ዓ.ም ነው። አንድ ክር ብታቃጥሉ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር ጥቁር እንክብል ይተዋል። አልትራቫዮሌት መብራት የሚጠቀሙም አሉ፤ ጨርቁ ደምቆ ካበራ አዲስ ነው ይላሉ። በዱቄት ሳሙና የታጠበ አሮጌ ሸማም እኮ ያበራል! በእንዶድ ብቻ ሲታጠብ የኖረው ነው የማያበራው።

የእማማን ቀሚስ ገልብጬ አየሁት። ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል ነው። ጎኑ በእጅ ተሰፍቷል። የታችኛው ጥበብ ግን በመኪና ነው የተያያዘው፤ ከስፌቱ ጎን ክር የሌለባቸው የጥቃቅን ቀዳዳዎች ረድፍ ይታያል። ቀድሞ ሌላ ጥበብ ነበረበት ማለት ነው። አስፈቅጄ ከውስጥ በኩል የጣት ጥፍር የምታህል ክር መዘዝኩና ክብሪት ጫርኩ። ቀልጣ እንክብል ሆነች።

ይህ ጥበብ ከጣሊያን በፊት ሊሠራ አይችልም አልኳቸው። እማማ ዝም ብለው ቆዩና ሳቁ። «ለካ! ለሰርጌ እናቴ ናት ያስቀየረችው። የአፍሪካ መሪዎች አፍሪካ አዳራሽ የተሰበሰቡ ዓመት ነው የተዳርኩት።»

1955 ዓ.ም መሆኑ ነው። ሸማው የአያት፣ ጥበቡ የልጅ ልጅ ሰርግ። እናቶቻችን ጥበብ ፈትተው ወደ ሌላ ሸማ ያዛውራሉ፣ ያጠብባሉ፣ ያስረዝማሉ፤ ስለዚህ አንድ ቀሚስ ሁለትና ሦስት ዕድሜ ይኖረዋል። እኔ ከክሩ ያገኘሁት ጥበቡ መቀየሩን ብቻ ነው፤ ዓመቱን የነገሩኝ እማማ ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ማንን እጠይቅ ነበር?

ቤት የምትለቁ፣ ሣጥን የምትከፍቱ ሁሉ፣ እባካችሁ ቀሚሱን ከማጠባችሁ በፊት ባለቤቲቱን ጠይቁ። የማን እንደነበር፣ ማን እንደፈተለው፣ ለየትኛው በዓል እንደተለበሰ፣ ምኑ መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ጽፋችሁ ከቀሚሱ ጋር አኑሩት። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ሸማውን ይነካዋል።