የ1989ኙ ደንብ በ2022 ሲሻር

ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ ከሥሩ የሚሠራው ሊኑክስ የተባለው ከርነል ነው። ከርነል ፕሮግራሞችን ከስልኩ አካላት ጋር የሚያገናኝ የሥርዓቱ እምብርት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከየአገሩ ሆነው በጋራ ይጽፉታል። ይህ ግዙፍ የጋራ ሥራ እስከ 2022 ድረስ የሚመራው በ1989 በወጣ የቋንቋ ደንብ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለምን?

ሊኑክስ የተጻፈበትን የሲ ቋንቋ ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላብስ ፈጠረው። የመጀመሪያው መደበኛ ደንብ ሲ89 ይባላል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የነበረው ይኸው ነው። በኋላ ሲ99 እና ሲ11 ወጡ። ሊኑክስ ግን ጥቂት ጭማሪዎችን ይዞ በአሮጌው ቀጠለ።

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው በኮመንት ላይ ነው። ኮመንት ማሽኑ የሚዘለው፣ ጸሐፊው ለቀጣዩ ሰው የሚተወው ማስታወሻ ነው። በሁለት ዘንባጣ መስመር (//) የሚጀምረው ኮመንት አዲስ ፋሽን ይመስላል፤ ግን በ1967 ማርቲን ሪቻርድስ በነደፈው ቢሲፒኤል ውስጥ ነበር። የዚያ ቋንቋ የልጅ ልጅ የሆነው ሲ ተወው፤ ሲ ፕላስ ፕላስ መለሰው፤ ሲ ደግሞ በ1999 መልሶ ተቀበለው። ቶርቫልድስ በ2016 የኔትወርክ ክፍል ጸሐፊዎችን በኮመንት አጻጻፋቸው ክፉኛ ወቅሷቸዋል። በ2017 ግን የከርነሉ የሲ ፋይሎች የፈቃድ መስመር በሁለት ዘንባጣ መጻፍ ጀመረ። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ በድሮው ደንብም ይፈቅደው ስለነበር የደንብ ለውጥ አላስፈለገም።

ኮመንት የዓይን ጉዳይ ነው። ደንቡን ያስለወጠው ግን የደህንነት ጉዳይ ነበር።

በየካቲት 2022 በከርነሉ የዩኤስቢ ኮድ ላይ የቀረበ እርማት አንድ የቆየ ድክመት አወጣ። ዝርዝር እየዞረ የሚፈልግ ኮድ የሚጠቀምበት ጠቋሚ፣ በሲ89 ደንብ ከዙሩ ውጭ መታወጅ አለበት። ፍለጋው ሳይሳካ ዙሩ ሲያልቅ ጠቋሚው ትክክለኛ ባልሆነ ቦታ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኮድ ሳያውቅ ሊጠቀምበት ይችላል። ከሲ99 ወዲህ ግን ጠቋሚውን ዙሩ ውስጥ ማወጅ ይቻላል፤ ዙሩ ሲያልቅ እሱም ያከትማል። ስህተቱን ሰው ሳይሆን ኮምፓይለሩ ይይዘዋል።

ታዲያ ለምን ቀድሞ አልተደረገም? አሮጌዎቹ የጂሲሲ ስሪቶች በአዲሱ ደንብ ሲታዘዙ ከርነሉ የሚጠቀምበትን አንዳንድ አጻጻፍ አይቀበሉም ነበር። በ2021 ግን ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ስሪት ጂሲሲ 5.1 እንዲሆን ተወስኖ ነበር። እንቅፋቱ ተነስቷል፤ ደንቡ ግን እንዳለ ነበር። አርንድ በርግማን ሲ99ን አልፎ በቀጥታ ወደ ሲ11 መሄድ እንደሚቻል አመለከተ። በግንቦት 2022 የወጣው ሊኑክስ 5.18 በሲ11 ተሠራ። አሮጌዎቹ ዙሮች ግን በራሳቸው አልታረሙም፤ አንድ በአንድ የሰው እጅ ይጠይቃሉ።

ሌሎች የጋራ ሥራዎች ሌላ መንገድ መርጠዋል። የመረጃ ቋቱ ፖስትግሬስኪውኤል ከ2019ኙ 12ኛ ስሪት ጀምሮ ሲ99ን ተቀብሏል፤ የሁለት ዘንባጣ ኮመንትን ግን እስካሁን ይከለክላል። ከርል በሲ89 ጸንቷል፤ በጣም አሮጌ መሣሪያዎች ላይ ጭምር መሥራት አለበትና። ሁለቱም ምክንያታቸውን ያውቃሉ።

የሊኑክስ ታሪክ የሚያሳየው ይህንን ነው፤ የጋራ ደንብ የሚለወጠው አዲስ ስለወጣ ሳይሆን ወደኋላ የቀረው ተጠቃሚ መድረስ ሲችል ነው። ይህ ተገቢ ትዕግሥት ነው። ነገር ግን የሚጠበቀው ሰው ከደረሰ በኋላም መጠበቅ ትዕግሥት አይባልም። አሮጌ ደንብ የተጻፈበት ምክንያት ዛሬም መኖሩን በየጊዜው የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ካልሆነ ጥያቄውን የሚያነሳው አደጋው ይሆናል።