ባቡሩ ለምን ይቆማል?

ባቡር ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ተሳፋሪው ያጉረመርማል። «ምን ነካው? ለምን አይሄድም?» ይላል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ መቆም ነው። ታሪኩ ደም አለበት።

መኪና መንገድ ቢዘጋበት ዞር ብሎ ያልፋል። ባቡር ግን ከሐዲዱ አይወጣም። ፍሬን ቢያዝም ክብደቱ እየገፋው ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል። ነጂው ከፊቱ የቆመ ባቡር በዓይኑ ካየ በኋላ ፍሬን ቢይዝ፣ ብዙ ጊዜ አይደርስለትም።

ድሮ በእንግሊዝ አገር ዘዴው እንዲህ ነበር። አንድ ባቡር ከጣቢያ ሲወጣ ጠባቂው ሰዓት ይይዛል። የተወሰነው ደቂቃ ሲሞላ ሁለተኛውን ይለቃል። ፊተኛው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቢቆምስ? ጠባቂው በምን ያውቃል!

በኋላ ቴሌግራፍ መጣ። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ተከፈለ። ከወዲያኛው ጣቢያ «ባቡሩ ደርሷል» የሚል መልእክት ካልመጣ፣ ሌላ ባቡር ወደዚያ ክፍል አይገባም። ዘዴው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ኩባንያ አልያዘውም።

እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 1889 በአየርላንድ፣ አርማ ከምትባል ከተማ፣ 15 ፉርጎ ያለው ባቡር ለሽርሽር ተነሣ። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የፉርጎዎቹ በር ተቆልፏል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ አቃተው። ሠራተኞቹ ባቡሩን ለሁለት ቆረጡት። የኋላዎቹን 10 ፉርጎዎች በእጅ ፍሬንና ጎማ ሥር በተወሸቀ ድንጋይ አቆሟቸው። ፊተኛው ሊነሣ ሲል ጥቂት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነካቸው። በቃ! ቁልቁል ሄዱ። ከኋላ ደግሞ በሰዓት ቆጠራ የተለቀቀ ሌላ ባቡር እየመጣ ነበር። 80 ሰዎች ሞቱ።

በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ። ሐዲዱን በክፍል መጠበቅ ለተሳፋሪ ባቡር ሁሉ ግዴታ ሆነ።

ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1872፣ የሚደንቅ ነገር ሠርቶ ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ባቡር ሲገባ የብረት ጎማው ሁለቱን ያገናኛል፤ ኤሌክትሪኩ ከምልክቱ ይቀርና «ቁም» ይላል። ሽቦ ቢበጠስም ያው «ቁም» ነው። ልብ በሉ፣ ምልክቱ ሲበላሽ «እለፍ» እንዳይል ሆኖ ተሠርቷል። አንዳንዴ ባቡር ያለ ምክንያት የቆመ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ዛሬ ብዙ አገር ኮምፒዩተር ለነጂው እስከ የት መሄድ እንደሚችል ይነግረዋል፤ ነጂው ቢያልፍ ፍሬኑን ራሱ ይይዛል። ቢሆንም መዘግየት አልጠፋም። የእኛን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ አለው። ከዚያ ወዲያ ነጠላ ነው። ወጪና ወራጅ ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣው 40 ደቂቃ ቢዘገይ፣ ከአዳማ የሄደው ምንም ሳያጠፋ ቆሞ ይጠብቀዋል። እሱም በተራው ሌላውን ያስጠብቃል። የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይቁም የሚለውን የሚፈርደው ተቆጣጣሪው ነው።

ሐዲድ ላይ የገባ ግመልን ግን ምልክቱም አያየው። የብረት ጎማ የለውማ!