እንዶድ፤ የአጣቢዎች ቃል በሳይንስ መዝገብ

በጎንደርና በዙሪያዋ ደጋዎች፣ ሳሙና ከመለመዱ በፊት፣ ሸማ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ አረፋ ይሰጣል፤ እድፉንም ያለቅቃል። ስለዚህ ቃሉን «የልብስ ማጠቢያ ተክል» ብሎ መፍታት ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ በጣና ዳር ለሚኖረው የደምቢያ ገበሬም ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ገዳዩ ንጥረ ነገር አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን ነው። ሳፖኒን የሚለው ስም ራሱ ከላቲኑ የሳሙና ቃል የወጣ ነውና ሊቃውንቱ ከጎንደር አጣቢዎች ዕውቀት ብዙ አልራቁም። ከፍሬው የተለየው ውሁድም በተመራማሪው ስም «ለማቶክሲን» ተባለ።

ባዕድ ቃል ወደ እኛ ሲገባ እንጂ የእኛ ቃል ሲወጣ ማየት ብርቅ ነው፤ «እንዶድ» ግን በውጭ አገር የምርምር ጽሑፎች ሳይተረጐም ይጻፋል። ስለዚህ ፍቺው «ፍሬው ልብስ የሚታጠብበት፣ የውሃ ቀንድ አውጣም የሚገድል ተክል» ተብሎ እንዲሰፋ፣ ለመግደያው ዓይነትም «ፀረ ቀንድ አውጣ» የሚለው ስያሜ እንዲያዝ እናሳስባለን።